ለአንድ ብሎን ቁልፍ አይገዛም

በዚያ ጠዋት ባለሱቋ የሱቁን መስታወት ወልውላ ስትጨርስ እንደገና ከላይ ጀመረችው። መስታወቱ ቆሽሾ አልነበረም። ከመስታወቱ ማዶ መንገድ አለ፤ ከመንገዱ ማዶ ጋራዥ፤ ጋራዡ ውስጥ ደግሞ ትናንት አንገቱን ደፍቶ ከዚህ ሱቅ የወጣ ሰው። ዓይን የደረሰበት ቦታ እግር አልሄድ ሲል ሰው መስታወት ከመወልወል ሌላ ምን ያደርጋል?

ሱቁ የአባቷ ነው፤ የመካኒክ መሣሪያ ይሸጡበታል። መዶሻውና ፒንሳው እንደ ማንኛውም ሱቅ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የአባቷ ኩራት ግን በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ ቀይ ጨርቅ ላይ ተንደላቆ የሚኖረው ነው። እዚያ ያሉት የብሎን ቁልፎች እንደ ሌላው ቁልፍ ቀጥ ብለው የተሠሩ አይደሉም። አንዱ አንገቱን ይሰብራል፣ አንዱ እንደ እባብ ይጥመለመላል፣ ግማሽ ጨረቃ የሚባለው ደግሞ ከሞተር ጀርባ፣ ዓይን በማይገባበት ጥግ የተወሸቀውን ብሎን ዞሮ ከኋላው ይይዘዋል። ዋጋው አይቀመስም። መካኒክ ሁሉ ያየዋል፣ ይመኘዋል፣ «ለዚች ለአንዲት ብሎንማ!» እያለ ይሄዳል።

እጀ ረጅሙም መጀመሪያ የመጣው ያንኑ ሊያይ ነበር። ስሙ ለማያውቀው ክፉ ይመስላል እንጂ የሰው ነገር አያነሳም፤ ሌላው መካኒክ ግማሽ ሞተር አውርዶ የሚደርስበትን ብሎን እሱ ቀጭን ክንዱን አሹልኮ ስለሚያገኘው የጋራዡ ሰው ያወጣለት ስም ነው። ግማሽ ጨረቃን ተቀብሎ ያገላብጠዋል፣ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ይዳብሰዋል፣ እንደ ተኛ ሕፃን ቀስ አድርጎ ጨርቁ ላይ ይመልሰዋል። በማግስቱ ደግሞ ይመጣል። እንዲህ ሲመላለስ የባለሱቋ ትዕግሥት አለቀና አንድ ቀን «ወንድሜ፣ ልትገዛው ነው ወይስ ልታገባው?» ብላ ጠየቀችው።

«ለአንድ ብሎን ተብሎ ቁልፍ አይገዛም» አላት፣ እስከ ጆሮው ቀልቶ። «መልኩን በዓይኔ ይዤ ልሂድ ብዬ ነው።»

ይዞት የሄደው መልክ የቁልፉ ብቻ እንዳልነበረ ለሁለቱም የገባቸው ቆይቶ ነው።

ያረጀ ቁልፍ ፈልጎ፣ በጋራዡ በያጅ እሳት አግሎ፣ በመዶሻ አጉብጦ የራሱን ግማሽ ጨረቃ ሠራ። ሲያሳያት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አንገቷ ያበጠ፣ ወገቧ የተንጋደደ፣ እሳት ያጠቆራት ብረት ነበረች። እሱ ግን እንደ ልጁ ኮራባት፤ ጎባጤ ብሎም ስም አወጣላት። ከዚያ ወዲህ ያቺ ብረት በሁለቱ መካከል ቁልፍ ተብላ ተጠርታ አታውቅም። «ጎባጤ ዛሬ ከጉድ አወጣችኝ» ነው፤ «ጎባጤ ሰላም ብላሻለች» ነው።

ቁልፍ የሚለው ቃል ለሌላ ነገር ተይዟል። አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ፣ ግድግዳውን በገዛ እጁ ቀብቶ ሲጨርስ የበሩን ቁልፍ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። አባቷ እንዳያዩት ብላ በክር አንገቷ ላይ አሰረችው፤ ከልብሷ ሥር ወልቆ አያውቅም። ማታ ማታ ሱቁን ስትዘጋ እሱ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ፣ ድምፅ ሳያወጣ፣ በከንፈሩ ብቻ «እጠብቅሻለሁ» ይላታል። ሲገናኙ ደግሞ እሷ ብሎን ነህና አጥብቀህ ጠብቀኝ እያለች ታሾፍበታለች።

የሚከራከሩትም በዚሁ በብሎን ቁልፍ ጉዳይ ነበር። እሷ የነጋዴ ልጅ ናት። እሳት የነካው ብረት ጥንካሬው እንደሚሄድ፣ ጎባጤ አንድ ቀን እንደምትከዳው፣ ብሎኑ በዓመት አንዴ የሚገጥም ከሆነ ግድ እንደሌለው፣ ሳምንት ሳይሞላ ለሚመላለስ ብሎን ግን የራሱ ቁልፍ ቢገዛለት እንደሚሻል ትነግረዋለች። እሱ ደግሞ መሣሪያ ሠሪ ሁሉ ለያንዳንዱ ብሎን አንድ ቁልፍ እየፈጠረ መካኒኩን እንደሚያራቁት፣ ዓመት ሙሉ ሣጥን ውስጥ ለሚተኛ ብረት ላቡን እንደማይሰጥ ይመልስላታል። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። የፍቅር ክርክር ደስ የሚለው አሸናፊ ስለሌለው ነው።

ትናንት ግን ጨዋታው ፈረሰ። ጎባጤን አባቷ ቢያዩዋት፣ እንዲህ ያለ ነገር እዚሁ ተሠርቶ በሱቃቸው ቢሸጥ ብለው ያስባሉ፣ በዚያውም እሱን እንደ ሰው ይቆጥሩታል ብላ ና ያለችው ራሷ ናት። እጁን በሳሙና ፈትጎ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ጎባጤን መስታወቱ ላይ አስቀምጦ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰ። አባቷ እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣት አነሷት።

«ቁልፍ መግዛት ያልቻለ ቁልፍ ያጣምማል» አሉ። «ቤት መግዛት ያልቻለስ ምን ሊያጣምም ነው? እጁ ረጅም ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ እስከ ልጄ ድረስ መርዘሙን ግን አልነገሩኝም።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ለመሆኑ ይህን ሰው ከየት ታውቂዋለሽ?»

ሱቁ ውስጥ ሌሎች ገዢዎች ነበሩ፤ ሁሉም ጆሮውን ቀስሯል። እጀ ረጅሙ አያት። ዓይኑ አልለመናትም፣ አላስገደዳትም፤ ዝም ብሎ ጠበቃት። አንገቷ ላይ ያለው ቁልፍ እንደ ፍም አቃጠላት። እናቷ ከሞተች ወዲህ አባቷን ተቃውማ አታውቅም። ከአፏ የወጣው ቃል ለራሷም ጆሮ እንግዳ ነበር።

«ደንበኛችን ነው» አለች።

እጀ ረጅሙ ዓይኑን ከእሷ ላይ አነሳ። «ደንበኛስ አይደለሁም፣ ጋሼ» አላቸው ለአባቷ፣ በትሕትና። «ከዚህ ቤት አንድ ነገር ገዝቼ አላውቅም።» ጎባጤን እንኳ ሳያነሳ ወጣ። አባቷ ብረቷን ወደ ቁርጥራጭ ሣጥን ወረወሯት። ባለሱቋ አባቷ ዞር ሲሉ ከሣጥኑ አውጥታ መሳቢያዋ ውስጥ ሸሸገቻት። መስታወት ወልዋይ የሆነችው ከዚያ በኋላ ነው።

ረፋዱ ላይ የጋራዡ በያጅ መንገዱን አቋርጦ መጣ። በያጁን ቴሌግራም ይሉታል። የዱሮ ቴሌግራም በቃል ብዛት ይከፈልበት እንደነበረው፣ እሱም ቃል ከአፉ ሲወጣ ከኪሱ የሚወጣበት ይመስለዋል። የላኩትን መልእክት ጨምቆ፣ ትርፍ ነው ያለውን መንገድ ላይ ጥሎ ነው የሚያደርሰው። ባለሱቋ ስታየው መወልወያውን ጣለች።

«ቁልፉን ላኪ ብሏል» አላት።

ሌላስ ምን አለ ብላ ጠየቀችው። ይቸኩላል አላት። ሌላስ? ሌላ የለም።

ቁልፉን ላኪ። ቁልፍ ማለት ለእሷ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አንድ ነገር ስትጠብቅ ነበር ያደረችው፤ ስድብ ቢልክላት፣ መጥቶ ቢጮህባት፣ ለምን ካድሽኝ ብሎ ቢጠይቃት መልስ ነበራት። እሱ ግን ጥያቄ እንኳ አልላከላትም። «ደንበኛችን ነው» ላለች አፍ የሚገባት መልስ ይኸው ነው፤ ደንበኛ የሰው ቤት ቁልፍ አንገቱ ላይ አስሮ አይዞርም። የክሩ ቋጠሮ ከመኖር ብዛት ጠጥሮ አልፈታ አላት። በፒንሳ በጠሰችው። ቁልፉን ብሎን በሚጠቀለልበት ወረቀት ጠቅልላ ለበያጁ ሰጠችው። በያጁ ጥቅሉን በመዳፉ መዘን መዘን አደረገው፣ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፣ ተወውና ሄደ።

ባለሱቋ እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። ክሩ የነበረበት ቦታ ላይ ቆዳዋ ቀዝቅዞ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ከጋራዡ ጩኸት ተሰማ። ሮጣ ደጃፉ ላይ ስትወጣ እጀ ረጅሙን ከአንድ ሚኒባስ አፍንጫ ሥር ደግፈው ሲያወጡት አየች። ቀኝ እጁ በዘይት ጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ጨርቁ ዓይኗ እያየ ይቀላል። ቀና ብሎ ወደ ሱቁ አየ። ተያዩ። መንገዱ ላይ መኪና ያልፍ ነበር፣ ሰው ይጮህ ነበር፣ ለሁለቱ ግን የሚሰማ ነገር አልነበረም። አንድ እርምጃ ወደ እሱ ተራመደች። ወዲያው ያ ቃል ትዝ አላት፤ ቁልፉን ላኪ። ቁልፉን ያስመለሰ ሰው ዘንድ ምን ልትሆነው ትሄዳለች? እግሯ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቀረ። ስትቆም አያት፤ አይቶም ፊቱን አዞረ።

አባቷ ከኋላዋ ደርሰው ነበር። «ትክክለኛውን ቁልፍ ቢገዛ ኖሮ» አሉ። በክፋት አልነበረም የተናገሩት፤ ያሳዘናቸውም ይመስላል። እሷን የሰበራትም ይኸው ነው፤ ክፉ ቢሆኑ ትጠላቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ቀን አልነበሩም። እህል አልወርድ አላት፤ ውኃ እንኳ ሲያልፍ ያማታል። ወሬው በገዢዎች አፍ እየተቆራረሰ ይደርሳታል። የሁለት ጣቱ ጅማት ተበጥሷል አሉ። ሐኪሙ ሰፍቶታል፣ መጨበጡን ግን እንጃ ብሏል አሉ። ጋራዡን ጨርሶ ትቶ፣ የጭነት መኪና ከሚነዳው ወንድሙ ጋር ወደ እናቱ አገር ሊሄድ ነው አሉ። እሷ ብሎን እየመዘነች፣ መልስ እየመለሰች ትሰማለች። ሰው በቁሙ ሲሞት ገበያ አይዘጋለትም።

በእነዚያ ቀናት መካከል አንድ ወጣት ሾፌር ገብቶ ግማሽ ጨረቃን አየና ይህን ነገር መግዛት ያዋጣል ወይ ሲል ጠየቃት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀልዳ ትሸጥለት ነበር። ብሎኑ በየስንት ጊዜው እንደሚያጋጥመው ጠየቀችው። በዓመት አንዴ ከሆነ ተዋሰው፣ ወይም ሞተሩን አውርደህ በሰፊ ቦታ ፍታው አለችው። እጅህ በየሳምንቱ እዚያ ጥግ የሚገባ ከሆነ ግን፣ አለችና መጨረስ አቃታት። ሾፌሩ ምን በደልኩ እያለ ሲቆም ወደ መጋዘኑ ገብታ የብሎን ካርቶኖች መካከል ተቀመጠች። እዚያ ነው የምታለቅሰው። ካርቶን ምስጢር አያወጣም።

ቴሌግራም ተመልሶ የመጣው የብየዳ ዘንግ ሊገዛ ነው። ፊቱ ተኮሳትሯል። ዘንጉን ተቀብሎ እንደ ልማዱ ዝም ብሎ መሄድ ሲገባው በሩ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ቁጣ ለጋስ አድርጎት ነበር።

«አንቺ ልጅ ጨካኝ ነሽ» አላት። «ሰው መሣሪያ ላኪልኝ ሲል የቤት በር ቁልፍ ይላካል?»

ባለሱቋ እጇ ላይ የነበረው ብሎን ወለሉ ላይ ተበተነ። የምን መሣሪያ ብላ ጠየቀች፤ ድምፅዋ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። ያቺ ጎባጣዋን ነዋ አላት። የሚኒባሱ ሞተሪኖ፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ማለት ነው፣ የላይኛው ብሎኑ አልደረስ ብሎት ነበር።

«ጋሼ» አለችው መስታወቱን በሁለት እጇ ይዛ። «የላከህን ቃል በቃል ንገረኝ። አንዲት ቃል እንዳትጥል።»

በያጁ ግንባሩን አሸ። ለእሱ ከባድ ሥራ ነው። «‹ጎባጤን ላኪልኝ በላት› አለኝ» ብሎ ጀመረ። «‹አልተቀየምኩም በላት፤ ማታ እንደ ወትሮው እጠብቃታለሁ በላት› አለ። ይኸው ነው።»

ይህን ሁሉ የት ጣልከው ብላ ልትጠይቀው ፈለገች። ሳትጠይቀው እሱ ራሱ ይናገር ጀመር። ለብረት ስም ማውጣት አሳፍሮት ነበር፤ ጎባጤ ማለት ምን ማለት ነው፣ ቁልፍ ነው፣ ቁልፍ አለ። የቀረው ደግሞ የሁለት ሰው ጉዳይ ነው፣ እኔን ምን አገባኝ ብሎ ተወው። ወረቀቱን ሲፈታው እጀ ረጅሙ ቁልፉን ብዙ ጊዜ አየው። ኪሱ ከተተው። ከዚያ ቀጥ ያለ ቁልፍ አንሥቶ፣ ጫፉ ላይ ቱቦ ሰክቶ፣ ሰው እንደማይገባበት እያወቀ እዚያ ጥግ ገባ። ቁልፉ ከብሎኑ ላይ ሲንሸራተት እጁ በብረትና በብረት መካከል ነበር።

«እጁን የበላሁት እኔ ነኝ» አለ ቴሌግራም። ያ ሁሉ ግዙፍ ሰው ዓይኑን በክንዱ ጠረገ።

አሁን የት እንዳለ ጠየቀችው። ቤቱ ነው፤ ወንድሙ ዕቃ እየጫነለት ነው፤ ዛሬ ይሄዳል አላት።

መሳቢያውን ስባ ጎባጤን አወጣች። ቀና ስትል አባቷ ከመስታወቱ ሣጥን ጎን ቆመዋል፤ ሁሉንም ሰምተዋል። ሱቁ ውስጥ እንደዚያን ቀኑ ገዢዎች አሉ፤ እንደዚያን ቀኑ ጆሮ ሁሉ ቆሟል።

«አባዬ፣ ያን ቀን ዋሸሁህ» አለች፣ ሁሉም እየሰማ። «ደንበኛችን አይደለም።»

አባቷ አንድ እርምጃ ወደ እሷ ቀረቡ። «በሁለት እጁ ያላኖረሽ በአንድ እጁ ሊያኖርሽ ነው?» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ።

«እኔም እጅ አለኝ።»

አባቷ ብዙ አዩዋት። ካንዱ ገዢ ወደ ሌላው አዩ፤ የሚያግዛቸው አልነበረም። «እንግዲያው ቁልፉን አስቀምጪ» አሉ።

በዚህ ጊዜ የትኛው ቁልፍ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ቁመቷ መቀርቀሪያው ላይ ከደረሰ ጀምሮ ይህን ሱቅ ስትከፍት የኖረችው እሷ ናት። የቁልፎቹን ቀለበት ከወገቧ ፈትታ መስታወቱ ላይ፣ ከግማሽ ጨረቃ በላይ አስቀመጠች። አባቷ አላነሱትም። በእጅጌያቸው መስታወቱን ይወለውሉ ጀመር። ያንን አይታ መመለስ አማራት፤ ከተመለሰች ግን እንደማትወጣ ስለምታውቅ ሮጠች።

የእሱ ቤት ከአናጢው ግቢ ጀርባ፣ ጠባብ መተላለፊያ መጨረሻ ላይ ነው። መኪናው መተላለፊያው አፍ ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። ወንድሙ ፍራሽ በገመድ ያስራል። ፍራሹን አወቀችው፤ ጨርቁን የመረጠችው እሷ ነበረች። ወንድሙ ከላይ ሆኖ አያት። የቀረችውን ነገር ልሰብስብ ብሎ ከውስጥ ቆልፏል፣ ማንንም አላይም ብሏል አላት። ከዚያ ፊቱን አዙሮ የታሰረውን ገመድ እንደገና ያስር ጀመር።

በሩ ላይ ስትደርስ እጇ ከልማዱ ወደ አንገቷ ሄደ። ባዶ ነው። አንኳኳች።

«እኔ ነኝ» አለች።

ጆሮዋን እንጨቱ ላይ ለጠፈች፤ ሲተነፍስ ይሰማታል። በሩን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። በመካከላቸው አንድ ሳንቃ ብቻ ነው ያለው።

«ልታዝኚልኝ ከሆነ የመጣሽው፣ ሂጂ» አላት። «ቁልፉን ስትልኪልኝ ገብቶኛል። መንገዱ ጠርዝ ላይ ስትቆሚም ገብቶኛል።»

«ምንም አልገባህም።» ተንበረከከች፣ ድምፅዋ ወደ እሱ ድምፅ እንዲቀርብ። «ቴሌግራም ቁልፉን ላኪ ብሏል አለኝ። ቁልፉን ብቻ። አንተ ጎባጤን ቁልፍ ብለህ ታውቃለህ?»

ነገሩ እስኪገባው ድረስ መኪናው መተላለፊያው አፍ ላይ ሲያጉረመርም ይሰማ ነበር። ከዚያ ከሳንቃው ማዶ አንድ ድምፅ መጣ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ መለየት አልቻለችም። እሱም የለየው አይመስልም።

«‹ደንበኛችን ነው› ያልኩት ግን የቴሌግራም ጥፋት አይደለም» አለች። «የኔ ነው። ፈራሁ። ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ብዬሽ ነበርኮ» አላት። «ቃሉ ነው መንገድ ላይ የጠፋው።»

አለቀሰች። ከዚያ በፊት ያለቀሰችው ሁሉ ለቅሶ እንዳልነበረ አወቀች። እሱ ግን በሩን አልከፈተም። ቆይቶ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ በዝግታ ይናገር ጀመር። ፋሻው ውስጥ ያሉት ሁለት ጣቶች እንደማይሰሙት፣ ሌሊት ሌሊት በሕልሙ ብሎን እንደሚፈታ፣ ሲነቃ እጁ የሌላ ሰው እንደሚመስለው ነገራት።

«እኔ ማለት እጄ ነበርኩ፣ ባለሱቋ። እጀ ረጅሙ ነበር ስሜ። አሁን ማን ብለሽ ትጠሪኛለሽ? ለአንድ ብሎን ቁልፍ አይገዛም እያልኩ ኖርኩ። ለአንድ እጅ ግን ይገዛ ነበር። አንቺም አባትሽም ልክ ነበራችሁ።»

«ልክ መሆኔን ምን ላድርገው?» አለች። ልታጽናናው ነበር የመጣችው፤ ማጽናኛው ሁሉ ከአእምሮዋ ጠፋ፤ የቀራት እውነቷ ብቻ ነው። «የሱቁን ቁልፍ አስረክቤ ነው የመጣሁት። የዚህ በር ቁልፍ ደግሞ አንተ ጋ ነው። የምገባበት በር የለኝም።»

የመኪናው ጥሩምባ ጮኸ። ወንድሙ አስቦ ሳይሆን ጨንቆት ነው የነካው። ከሳንቃው ማዶ ምንም አልተንቀሳቀሰም። ባለሱቋ የምትለው ነገር አለቀባት። ግንባሯን መሬት ላይ ልትደፋ ስትል የበሩን ሥር አየች። ደፍ ላይ ያለው እንጨት ከመረገጥ ብዛት መሐሉ ሰርጉዶ፣ በሩና ደፉ መካከል እንደ ቅንድብ የጎበጠ ክፍተት ነበር። ጣት አያሳልፍም። ጎባጤን ከኪሷ አወጣቻት። መጀመሪያ በአንገቷ በኩል ሞከረች፣ እብጠቷ ያዘ። ገልብጣ በወገቧ በኩል አስገባቻት፤ ያቺ የተንጋደደች ብረት ለዚያ ሥርጉድ የተሠራች ይመስል ቀስ ብላ ተሽሎክልካ ገባች።

ከወዲያ በኩል እጅ ያዛት።

ባለሱቋ የያዘችውን ጫፍ አልለቀቀችም። እሱም አልጎተተም። ብረቷ በሁለቱ እጅ መካከል ትንሽ ትንሽ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ የማን እጅ እንደሚያንቀጠቅጣት አይታወቅም። እንዲህ ሆነው ብዙ ቆዩ። መኪናው ሞተሩን አጠፋ።

ከዚያ እሱ የያዘውን ጫፍ ለቀቀ። ሲነሳ ሰማች፤ ግድግዳውን ሲደገፍ፣ ኪሱን ሲፈትሽ። ቁልፍ ብረት ላይ ሲፋቅ ሰማች። ቀዳዳውን ሳተው። ቁልፉ ወለሉ ላይ ወደቀ፣ ሲያነሳው ትንፋሹ ተቆራረጠ፣ እንደገና ሳተው።

«በግራዬ አልለመድኩም» አላት፣ ድምፁ እየተሰበረ። «ጠብቂኝ።»

ተነሥታ መዳፏን በሩ ላይ፣ የእሱ ደረት ይሆናል ባለችው ቦታ ላይ አሳረፈች።

«አጥብቄ» አለችው።

ቁልፉ እንደገና ሲወድቅ ሰማች፤ እንደገና ሲያነሳውም።